ካርዱ ይቅደም

ሰብለ፣

ቆሞ የነበረው የክፍለ ሀገር መኪና ስለጀመረ ወገዳ እናቴ ጋ ሄጃለሁ፤ አልመለስም። የክፍላችን ቁልፍ አከራያችን እትዬ ወለተ ማርያም ጋ ነው። ጀሪካኑን ሞልቼልሻለሁ።

በኮሮና ከቤት አትውጡ ስንባል ብር መቆጠብ ለመድኩ። ማኪያቶው ቀረ፣ ባጃጁ ቀረ፤ ምንም አልሆንኩም። ከዚያ ለእጮኛዬ ለአወቀ የስልክ ካርድ መላክ አቆምኩ። እሱም ወዲያው መደወል አቆመ።

ለእኔ ማለቴ ነው።

ቤት ስጠርግ ከፍራሽሽ ሥር እፍኝ ሙሉ የተፋቀ ካርድ አገኘሁ። ስልክሽ ሲጠራ ለምን ጓሮ እንደምትወጪ ያኔ ገባኝ።

ቀድሜ ስላልነገርኩሽ ይቅርታ። አወቀ የሚወደው የሞላችለትን ነው።

እኔ በተረፈኝ ብር ጫማ ገዛሁ። ያንቺ ጫማ ሶሉ እንደተገነጠለ አይቻለሁ። ግን አደራ፣ ጫማ ልግዛ ብለሽ እንዳትሳሳቺ።

ካርዱ ይቅደም።

ባንቺዓለም