ለሐዘን አይደለም የተላጨሁት

ማነው ዓይናዲስ ሞተች ያላችሁ? አልሞተችም! ሸዋረጋዬ፣ ሹፌሩ ይበልጣል ጎንደር ላይ ጠጉሬን ተላጭቼ ቢያየኝ ጊዜ «እህቷን ቀብራ ነው» ብሎ እማዬን ለቅሶ አስቀመጣት አሉ። ምነው ወርዶ ቢጠይቀኝ!

ሐኪሞቹ የዓይናዲስን ጭንቅላት ከፍተው ዕጢውን ሊያወጡ ሲላጯት «ብቻዬን አስቀያሚ አልሆንም» ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬያት ተላጨሁ። እኛ አገር ሴት የምትላጨው ለሐዘን ነው፤ እዚህ ሆስፒታል ክፍል ግን የተላጩት ሕፃናት ሲሳሳቁ ይውላሉ። ከኦፕራሲዮን ነቅታ ራሴን ዳበሰችና «አንቺማ ትብሻለሽ» አለችኝ፣ ይቺ ባለጌ! አብዛኛውን አውጥተውላታል፤ ለቀሪው መድኃኒት ትጀምራለች።

ስልካችሁ እንቢ ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ከምትደውዪበት የስልክ ካርድ ጋር በመኪናው ረዳት ሰደድኩት። ጎረቤታችንን አያ ደመቀን ሳሚልኝ። የለቅሶውን ድንኳን አስነሺ! እማዬን ይዘሽ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ውጪና ሳይመሽ ደውይልኝ፤ ዓይናዲስ ራሷ ታናግራታለች።

የትነበርሽ