ዝም ያለው ጋን

ጥቅምት 28፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ጋኑ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ የጠላው ጥንስስ ገባበት። ያጠብሁት እኔ ነኝ። አማቴን እማማ አንጓችን ወገባቸውን ስላመማቸው ሥራውን ተረከብኋቸው። ሚስቴ ይታይሽ ወንድ ጋን ሲያጥብ ዐይታ ስለማታውቅ በሳቅ ሞተች። ትሳቅ። እንዲህ የጠራ ጋን በሹም አቦ ሰፈር ሁሉ የለም። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራው የእማማ ነው። ጌሾ ከዘጌ፣ ብቅል ከቤት። ወደ ሥራ።

ጥቅምት 30፣ ከሥራ መልስ
አልፈላም። እስካሁን አረፋ መያዝ ነበረበት አሉ። እማማ ከመሠረተ ትምህርት እንደተመለሱ፣ ደብተራቸውን ሳያስቀምጡ፣ ጆሯቸውን ጋኑ ላይ ለጠፉ። ዝም። ብርድ ነው ተባለ። ጋቢዬን ጋኑ ለብሶታል፣ እኔን በርዶኛል።

ኅዳር 2
አሁንም እንደተኛ ነው። ምድጃው አጠገብ ተወሰደ። ብቅል ተጨመረ። አሁን ደግሞ ጥፋቱ የጌሾው ሆነ፤ የሸጠችላቸው ሴት ስሟ ሲነሣ ዋለ። ይታይሽ የሰው ዓይን ነው ትላለች። እኔ ስለ ሙቀት ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠሁ። ማንም አላዳመጠኝም።

ኅዳር 3፣ ምሳ ሰዓት፣ ፋብሪካ
ማስታወሻዬ፣ ያገኘሁት ነገር ደስ አላለኝም። ጨርቅ በምናነጣበት ክፍል በርሜል ስከፍት የበረኪናው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጋኑን ያጠብሁት በዚሁ ነው። በጠርሙስ ደብቄ ወስጄ። እማማ የሰጡኝ ግራዋ ነበር፤ እኔ ግን ፋብሪካ የሚሠራ ሰው በቅጠል አላጥብም ብዬ። ሸክላ ደግሞ ይመጥጣል። ጥንስሱን ገድየዋለሁ። ወይራው ሽታውን ሸፈነልኝ።
ዝም ብል ይሻላል። በረኪናው የሕዝብ ንብረት ነው፤ ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤት ደግሞ የቀበሌው ሊቀ መንበር።

ኅዳር 4
እማማ ቁርስ አልበሉም። እጄ ከዳኝ ይላሉ። ለባላቸው ተዝካር እያለቀሱ የጠመቁት እንኳ ፈልቶ ነበር። ጋኑ ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ ከዘጌ በታንኳ የመጣ። ነገ ማለዳ የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው ዘንድ ሄደው ተራውን ለሌላ ሊለቁ ነው። ከእንግዲህ ጠላ አልነካም አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አፈርሁ። ሊቀ መንበሩንም እፈራለሁ።

ኅዳር 5፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል
ነገርኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆምሁ። በሹክሹክታ፣ ሁሉንም። ጠርሙሱንም አሳየሁ።
ስድብ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን እጃቸውን ገለባብጠው አዩ። «እጄ አይደለማ?» አሉኝ። አይደለም አልሁ። ደግመው ጠየቁኝ። ደግሜ አይደለም አልሁ። ቁጭ አሉና ቁርስ ጠየቁ።
ከበሉ በኋላ ትእዛዝ። ይታይሽ ጋን ትዋሳለች፤ ከሚፈላ ጥንስስም በጣሳ ታመጣለች። በሰፈሩ ጥንስስ ያላት የሊቀ መንበሩ ሚስት ብቻ ናት። የእናንተው ጋን ምን ሆነ ብላ ከጠየቀች ተሰነጠቀ በያት አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። የጌሾዋንም ሴት ሄደው ይቅርታ ሊጠይቁ ነው።
የእናታቸው ጋን ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ይዳን አይዳን አይታወቅም። እስኪለይለት ድረስ ግራዋ እየቀየርሁ በየቀኑ አጥበዋለሁ። ተራው አልተለቀቀም፤ ሰባት ቀን አለን፣ ጉሽም ቢሆን ይደርሳል።
አዲሱን ጌሾ የምወቅጠው እኔ ነኝ። እማማ ሙቀጫውን በውኃ ብቻ ሳጥብ ለማየት ቆመው እየጠበቁኝ ነው።