ዋጃ የሄደው ገጽ

ሰኔ 21
ገበያው ደህና ነበር። ጥቁር አዝሙዱ አለቀ። መጠቅለያም ሊያልቅ ነው... ከመምህር ሙዓዊያ ወረቀት የቀረው አራት ቅጠል ብቻ። ሰውየው ካረፉ ሁለት ዓመታቸው። ሚስታቸው እትዬ ሲቲ ወረቀቱን በኪሎ ስትሸጥልኝ፣ «በቁሙ ያልሰማሁትን ሞቶ ላነበው ነው?» ነበር ያለችው። እኔ ግን ሳላነብ አልጠቀልልም። ማንበብ የለመድኩትም በመጠቅለያ ነው። መጀመሪያው ሲገኝ መጨረሻው ይጠፋል። ለምጄዋለሁ።

ሰኔ 24
ጉድ። በቁማቸው «እብዱ» ይሏቸው የነበሩትን አሁን «ፈላስፋው» እያሉ መታሰቢያ ማህበር አቋቁመውላቸዋል። ሊቀመንበሩ አቶ ዘካሪያስ። ቤቱ በመስታወት ክፈፍ አንድ ገጽ ሰቅሏል። የመጨረሻው መስመር፦ «ጎርፍ ጥፋተኛ የለውም»።
«መምህር ሊሞቱ ሲሉ በእጃቸው የሰጡኝ አደራ ነው» ይላል።
ከእኔ ጨው የገዛበት ወረቀት ነው! ጥጉ ላይ ጨዉ እንኳ አልረገፈም።
ደግሞ ነገሩ እዚያ አያልቅም። በሚቀጥለው ገጽ «የጠለፈው ሰው ግን ስም አለው» ይላል። አንብቤዋለሁ። ከዚያ ከዋጃ ከተማ ለመጣ ሰው እርድ ጠቀለልኩበት። የፈላስፋው ግማሽ ዋጃ ወጥ ውስጥ ገባ።
ማን ይናገራል? «ፈላስፋችንን ቸርችራ ጨረሰችው» ሊሉኝ?

ሰኔ 27
ማህተም ፈልጌ ቀበሌ ሄድኩ። ማህተም ያዡ የለም። ጥበቃው ተነፈሰና «ጎርፍ ጥፋተኛ የለውም» አለኝ። ማህተምና ጎርፍ ምን አገናኘው? ስመለስ ባጃጅ የአህያ ጭነት ጥሎ፣ ሹፌሩ ያንኑ ይላል። ባለአህያው ተናዶ ሹፌሩን በጥፊ አለውና እሱም ያንኑ አለ። ሁለቱም ረክተው ተለያዩ።

ሰኔ 30
ሳቄ ዛሬ አለቀ። ትናንት ከተራራው ጎርፍ ወርዶ ነበር። ጎርፉን ወደ ማሳ የማስገባት ተራው የራቢዓ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለቻት ያቺ ማሳ ብቻ ናት፤ ማሽላዋ ውሃ ካላገኘ ዘንድሮ ምርት የላትም። ዘካሪያስ ማሳው ከላይ ነው። አፈር ደልድሎ ሙሉውን ወደ ራሱ ጠለፈው።
ልትጠይቀው ብትሄድ መስታወቱን አሳያት።
«ጎርፉን መቼ ከሰስኩ? አንተን ነው እንጂ!» ብላዋለች።
«ከመምህር ትበልጫለሽ?»
ለሐምሌ 6 ሽማግሌ ተቀጠረ። ራቢዓ መደቤ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ «እፀዬ፣ ሰውየው እውነት እንዲህ አሉ?» አለችኝ። ሚዛኔን መጥረግ ጀመርኩ... ንጹሕ ሚዛን።

ሐምሌ 2
እትዬ ሲቲ ዘንድ ሄድኩ። መምህር ስለ ጠለፋ እንዲህ ሲሉ ሰምታ እንደሆን ጠየቅኳት።
«እሱ በቀን ሺህ ነገር ይላል። እኔ የሰማሁት ‹ጨው አንሶታል› የሚለውን ብቻ ነው። እሱም ውሸት ነበር።»

ሐምሌ 5
ሌላ ነገር መጣብኝ። በእርግጥ አንብቤዋለሁ? ወይስ ስጠቀልል የጎደለውን እንደልማዴ ራሴ ሞላሁት? ስንቱን ወረቀት በሐሳቤ ጨርሼዋለሁ... ጽሕፈታቸው ዓይኔ ላይ አለ። የለም። አለ።

ሐምሌ 6
ተናገርኩ።
ሾላው ሥር ነበርን። ዘካሪያስ መስታወቱን ተሸክሞ መጣ፤ የራሱ ወንበር ተሰጠው፣ ለመስታወቱ። ራቢዓ መሬት ተቀምጣለች። ሰብሳቢው ሼህ መህዲ «ሌላ የሚናገር አለ?» ሲሉ ተነሳሁ። ወረቀቱን በኪሎ እንደገዛሁ፣ ፈላስፋውን በጨውና በእርድ እንደጨረስኩ፣ የቀረውን ግማሽም ነገርኳቸው።
ጫጫታ ሆነ። «ቅርስ አጥፊ!» ያለኝ አለ። አንዱ ደግሞ «እርዱ ግን ጥሩ ነበር» አለ።
ዘካሪያስ ብድግ አለ። «የመምህር ቃል መሆኑን ትማል!»
ሼህ መህዲ ወደ እኔ ዞሩ። «ትምያለሽ፣ ልጄ?»
ራቢዓን አየኋት። መማል ይቀላል፤ ማሽላዋም ይድናል። ግን...
«የሳቸው መሆኑን አልምልም» አልኩ። «ከራሴ ጨምሬ ይሆናል። እውነት መሆኑን ግን እምላለሁ።»
ራቢዓ ዓይኗን ጨፈነች። ዘካሪያስ ሳቀ። «ባለቤት የሌለው ቃል!»
ሼህ መህዲ ጢማቸውን ይዘው ወደ ዘካሪያስ ዞሩ። «መልካም፤ ያንተ ቃል ግን ባለቤት አለው። መምህርን ተዋቸው፣ ይረፉበት። ጥፋት የለብኝም ብለህ በራስህ አፍ ማል።»
ዘካሪያስ መስታወቱን አየ።
«ይሄማ... ማህበሩ ተሰብስቦ ቢወስንበት...»
ሾላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ተፈረደ፦ የሚመጡት ሁለት ጎርፎች የራቢዓ ናቸው። ድልድሉን ዘካሪያስ በገዛ እጁ ይንደዋል።

ሐምሌ 8
አንድም ሰው ወረቀቱን ሳያነብ ጨው አይገዛም። አንዷ «ይሄኛው ደካማ ሐሳብ ነው፣ ቀይሪልኝ» አለችኝ። የሳሙና ማስታወቂያ ነበር።

ሐምሌ 19
ትናንት ጎርፉ ወረደ። ራቢዓ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ስታስገባው አየሁ። ዘካሪያስ አካፋ ይዞ ዳር ቆሟል። ማሽላው ይተርፋል።
ዛሬ ደግሞ ዘካሪያስ መደቤ ድረስ መጣ፣ አዲስ ባነር ይዞ። የቃሉ ሁለቱም ግማሽ ተጽፎበታል። ከሥሩ «መምህር ሙዓዊያ»።
«ሁለተኛውን ግማሽ የምንተነትንበት ስብሰባ አለ» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። «የክብር እንግዳ ነሽ።»
«ሁለተኛውን የሳቸው አትበሉት። አላውቅምና።»
«ታዲያ ስም ከሌለው እንዴት ይሰቀላል?»
እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከሁለተኛው ግማሽ ሥር ጻፍኩ፦ እፀገነት፣ ቅመም ሻጭ። ፊደሌ ተጣመመ።
ዘካሪያስ ዝቅ ብሎ አነበበው። «ነገ ብትጠየቂበትስ?»
«እንድጠየቅበት ነው» አልኩት።