ምስጋናቸውን ላስደመሰስንባቸው ዋና ፕሮግራመራችን የወጣ የሐዘን መግለጫ

የሆስፒታሉ አስተዳደር ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ያገለገሉት ዋና ፕሮግራመር ትናንት ጠዋት በሕመም ምክንያት ከዚህ ዓለም መለየታቸውን ለሠራተኞቹ፣ ለታካሚዎቹና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በሐዘንና በኀፍረት ነው። ኀፍረት የሚለውን ቃል ያስገባነው አስበንበት ነው።

ሲቀጠሩ ኮምፒውተር ከመክፈታቸው በፊት ሁለት ወር ሙሉ ካርድ ክፍል ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፕሮግራም የሚነደፈው ሥራውን ከሚሠራው ሰው እጅ ተነሥቶ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሐሳብ የሰጣቸውንም ሰው፣ ጥበቃም ይሁን ሐኪም፣ እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ከሚመለከተው መስመር በላይ፣ ማሽኑ በሚያልፈው፣ ተከታዩ ፕሮግራመር ግን በሚያነበው ማስታወሻ ከነምክንያቱ ጽፈው ያመሰግኑ ነበር።

ከስምንት ዓመት በፊት የመድኃኒት ቤት ባለሙያዋ «ጋሼ፣ ሁለት ሰው በአንድ ስም ሲመጣብኝ እንዳላምታታቸው እፈራለሁ፤ አንድ ነገር ያድርጉልኝ እንጂ!» አለቻቸው። «ፍርሃቱን ለማሽኑ ተዪለት» ብለው፣ የታካሚው የትውልድ ዓመት ካልገባ ወደ ፊት የማይሄድ ጥያቄ ጨመሩ። በላዩም «ይህ የመድኃኒት ቤቷ እኅቴ ሐሳብ ነው። ሞክሼዎች እንዳይምታቱ ነውና እንዳታነሡት። አመሰግናታለሁ» ብለው ጻፉ።

ከሁለት ዓመት በፊት የቴክኒክ ኮሚቴው እነዚህን ጽሑፎች «ለሙያው የማይመጥኑ ግላዊ ጉዳዮች» ብሎ እንዲደመሰሱ ወሰነ፤ አስተዳደሩም አጸደቀ። የቀድሞው ቅጂ እንኳ እንዳይቀር አዘዝን። አራት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። የደመሰሷቸው ራሳቸው ናቸው፤ ዘጠኝ ቀን ፈጀባቸው።

ባለፈው ዓመት አንድ አዲስ ፕሮግራመር ያ የትውልድ ዓመት ጥያቄ ሥራ የሚያጓትት መስሎት አነሣው። ለምን እንደተቀመጠ የሚነግረው ጽሑፍ አልነበረም። በሳምንቱ የአንዲት እናት መድኃኒት ለሞክሼዋ ተሰጠ። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዋ ሮጣ በሩ ላይ ባትደርስ ኖሮ ይህ የመጀመሪያው የሐዘን መግለጫችን ባልሆነ ነበር። አስተዳደሩ ግን «ክትትል አጉድለዋል» ብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የሰጠው ለእሳቸው ነው። ፈርመው ተቀበሉ። በዚያው ቀን ጥያቄውን ወደ ቦታው መለሱት።

ሲሞቱ ማስጠንቀቂያው ማኅደራቸው ውስጥ ነበር። ዛሬ ሽረነዋል። ጥፋቱ የኮሚቴውና የአስተዳደሩ እንጂ የእሳቸው አልነበረም። ይህን ማለታችን ውለታ ተደርጎ እንዳይቆጠር፤ በሕይወት ሳሉ ሊነገራቸው ይገባ ነበር። ከዚህ መሥሪያ ቤት የተጻፈላቸው የምስጋና ደብዳቤ ካለ ብለን ማኅደሩን ከዳር እስከ ዳር አገላብጠናል። አንድም የለም።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ባለቤታቸው በነገው ቀብር ላይ የአስተዳደሩ ተወካይ ንግግር እንዳያደርግ ጠይቀውናል። «የካርድ ክፍል ልጆች ይናገሩለት፤ እናንተማ መቼ አወቃችሁት?» ብለዋል። ልክ ናቸው። እንገኛለን፤ ከኋላ ቆመን እንሰማለን።

የሆስፒታሉ አስተዳደር