ድንጋይ የበላው አሻራ

ውድ ልጄ፣

ሰላምታ አላበዛም፤ ደህና ነኝ ብዬም አልዋሽህም።

የሄድክ ዕለት በር ላይ ቆመህ «አባዬ፣ ግትርነቱን ተውና ተመዝገብ። መንግሥት መንገድ ዳር ለሚሠራ ሰው ሂሳብ ሊከፍት፣ ፈቃድና ብድር ሊሰጥ ነው» ስትለኝ ትቼህ መንገድ ዳር ወዳለው ቢላ መሳያዬ ሄድኩ። ብድር ምን ያደርግልኛል? አሁን ግን ያልተመዘገበ ሁሉ ቦታውን ይለቃል ተባለ። ስለዚህ ልመዘገብ ቀበሌ ሄድኩ።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ጨዋ ናት። «አባባ፣ ጣትዎን እዚህ ላይ ያድርጉ» አለችኝ። አደረግሁ። የአሻራ ማሽኑ ቀይ አበራ። «ጠረግ ያድርጉትና ይድገሙ።» ደገምኩ፤ ቀይ። አሥሩንም ጣቶቼን ሞከረች።

ቢላውን የምስልለት ባለ ሥጋ ቤት ከኋላዬ ተሰልፎ ነበር። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ሌባ ብትሆን ኖሮ ማንም አያገኝህም ነበር!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ልጅቷ ግን እጄን ገልብጣ አየችና «አሻራዎ ጠፍቷል እኮ! ምን ነክቶት ነው?» አለች።

መሳያው ድንጋይ ነው የበላው። ዕድሜ ልኬን ብረቱን ከድንጋዩ ጋር በጣቴ ስይዝ፣ ስለቱን በጣቴ ስዳስስ፣ ቢላው ሲሳል እኔም አብሬ አለቅሁ።

«በፊርማዬ ይሁን» አልኳት። ማንም ሳያስተምረኝ የለመድኩትን ጽሕፈት ላሳያት እስክሪብቶ አወጣሁ።

«ሲስተሙ ፊርማ አይቀበልም፣ አባባ። ልጅ የለዎትም? በእሱ ስም ይመዝገብና እርስዎ ይሥሩ።»

ትዝ ይልሃል? ትንሽ ሳለህ ድንጋዩን ላሽከርክር ብለህ እጅህን በሰደድክ ቁጥር እመታህ ነበር። እናትህ «ምናለ ቢያግዝህ?» ስትለኝ እንኳ አልሰማኋትም። ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። ያንተን ጣት ማሽኑ ወዲያው ያነበዋል።

«ልጅ አለኝ፤ ቢላ የምስለው ግን እኔ ነኝ» አልኳትና ወጣሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ እስከ በር ተከትሎ «በእኔ ስም ላስመዝግብልህ፤ እባክህ እንቢ አትበል» አለኝ። እንቢ አልኩት።

ና አላልኩህም። ብትመጣም በስምህ አልመዘገብም፤ ከዚያ ድንጋይ ያራቅሁህ መልሼ ላስርህ አይደለም። ሰኞ፣ ያልተመዘገበውን የሚያነሡት አፍራሾች ሳይመጡ፣ ድንጋዩን ራሴ ነቅዬ ወደ ቤት አስገባዋለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ተነሥቼ ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም። አላውቅም ስልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ፊርማዬ ከታች አለ። አንተ እንኳ እወቀው።

አባትህ