ከውሃው በርሜል ጀርባ፦ የግንበኛው አምብሮዝ ስኬልቢ የሕይወት ታሪክ

አምብሮዝ ስኬልቢ ከአባታቸው ከአንጥረኛው ሳይላስ ስኬልቢና ከእናታቸው ከሩት ማርፍሊት እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1932 እዚሁ ሊንከንሸር ውስጥ በኦልደርቢ መንደር ተወለዱ። ክርስትና የተነሡት አስከሬናቸው አሁን ካረፈበት አሥር እርምጃ በማይርቀው በዚያ የድንጋይ ገንዳ ነው። ውሃው ሲፈስባቸው ጮኸው ቄሱን አስቸገሩ ይባላል። ከዚያም በኋላ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዝም ብለው አያውቁም።

እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው በመንደሩ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በግንበኛው በቶቢያስ ክሪድ ዘንድ ሙያ ገቡ። ክሪድ ድንጋዩን መታ አድርገው በድምፁ ብቻ ጤነኛውን ከበሽተኛው የሚለዩ፣ ኖራቸውንም ጉድጓድ ውስጥ ዓመት ሙሉ ሳያብላሉ የማይነኩ ሰው ነበሩ። አምብሮዝ የሚያውቁትን ሁሉ ያወቁት ከእሳቸው ነው። ክሪድ በ1952 መኸር ሲሞቱ የቤተ ክርስቲያኑ ጥገና በሃያ ዓመቱ ወጣት እጅ ወደቀ፤ ስድሳ ዓመትም ከእጃቸው አልወጣም።

በ1957 ከወይዘሪት ሄስተር ብላይዝ ጋር እዚሁ ተጋብተው ሙሪየልን ወለዱ። ቃል ኪዳኑ ሲነበብ ሙሽራው አንጋጠው የጣሪያውን ወራጆች ይመለከቱ ስለነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና ሄስተር «እኔን ሳይሆን ጣሪያውን ነው ያገባው» ይሉ ነበር።

አምብሮዝ በንቀት ለጋስ ነበሩ፤ ለማንም አይሰስቱትም። በአያቶቻችን ዘመን የግድግዳውን ልስን ፍቀው የጥንቱን ሥዕል ከነቅዱሳኑ ያራገፉትን አዳሾች «ድንች ላጮች» ይሏቸዋል። መሰላል ሳይወጡ በወረቀት ላይ ብቻ ማማውን ለሚመረምሩ አርክቴክቶች አንድ ስኒ ሻይ አልጋበዙም። እንደምታዩት መቅደሱ ከአዳራሹ ጋር ቀጥ ብሎ አልተሠራም፣ ወደ ሰሜን ዘመም ይላል። አንድ ቄሳችን ይህ ጌታ በመስቀል ላይ ራሱን ያዘነበለበት ምሳሌ ነው እያሉ እንግዶችን ሲያስጎበኙ፣ አምብሮዝ ከመወጣጫው ላይ ሆነው «አይ አባ! ግንበኛው ገመዱን አጣሞ ዘርግቶ ነው። የራሱን ጥፋት በጌታ ላይ አታላክኩ!» ብለው ጮኹባቸው። እንግዶቹ ሳቁ፤ ቄሱም ዳግመኛ አላስጎበኙም።

የንቀታቸው ሁሉ አውራ ግን የሰሜኑ ግድግዳ ነበር። በዚያ በኩል ካለው ሹል መስኮት ግራና ቀኝ ሁለት የድንጋይ ፊቶች ተቀርጸዋል፤ አንዱ ንጉሥ ነው፣ ሌላዋ መንደራችን ሜግ የሚላት ሴት ናት። ስድስት መቶ ዓመት በዝናብ ውስጥ ስትስቅ ኖራ፣ በ1963ቱ ብርድ ፊቷ ተገምሶ ወደቀ። ከሥሯ ያለው ግድግዳ በሲሚንቶ ተጠግኖ ነበርና። ኖራ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ያፍነዋል፣ የታፈነውም ውሃ በረዶ ሆኖ ድንጋዩን ያፈነዳዋል። «ሲሚንቶ ለአሳማ ጋጣ ነው» ይሉ ነበር አምብሮዝ። ጥገናው በ1952 የተሠራ በመሆኑ ጥፋቱ ለሟቹ አሠሪያቸው ለክሪድ ተሰጠ። በኦልደርቢ የተበላሸ ነገር ሁሉ፣ ያረረ ዳቦም ቢሆን፣ «የክሪድ ሥራ» ተባለ። ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው ኢዲትም አብራ ብላዋለች።

ባለፈው መስከረም፣ የድንጋይ አቧራ ሳንባቸውን ጨርሶት አልጋ ላይ ሳሉ፣ ሾርባ ይዛ ስትገባ «ኢዲ፣ የሰሜኑን በርሜል አስነሺው» አሏት። ከሜግ ሥር ያለውን የዝናብ ውሃ በርሜል ማለታቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም።

«ምን አለው?»

«ከኋላው ምልክቴ አለ። ክሪድ እግራቸውን ሰብረው ተኝተው ነበር። በኖራ ሥራው ብለውኝ ነበር። ኖራ ደግሞ ቀስ ይላል፤ ቅዳሜ ጭፈራ ነበረብኝ። በሲሚንቶ ጨረስኩት።»

«አንተ የማትረባ! ስድሳ ዓመት ሙሉ የሞተ ሰው ስናማ!»

«እኔ ነኝ ያሳማሁት። ቀብሬ ላይ አንብቢው፤ አሳምረሽ እንዳታነቢው።»

እነሆ፣ ሳይሳመር ተነበበ። ባለፈው ማክሰኞ በርሜሉ ተነሣ። በሲሚንቶው ላይ፣ እርጥብ ሳለ በምስማር የተጫረ ቀስት፣ የአምብሮዝ የግንበኝነት ምልክት፣ እና 1952 የሚል ቁጥር ተገኘ። ዛሬ በሁለተኛው ረድፍ የተቀመጡት የክሪድ ልጅ ዶርካስ ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። «የአባቴ ምልክት መስቀል ነው» አሉ። «ደግሞም አባቴ እንዲህ አጣሞ አይጭርም።» ከዚያም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አምብሮዝ ኅዳር 6 ቀን 2024 በተወለዱ በ92 ዓመታቸው አረፉ። ከሄስተር ጎን ፀሐይ በሚያገኘው በደቡብ በኩል ቦታ ነበራቸው። እሳቸው ግን በኑዛዜያቸው ጥንት ቤተ ክርስቲያን የናቀቻቸው ብቻ ይቀበሩበት የነበረውን የሰሜኑን ጎን፣ ከሜግ ሥር፣ በርሜሉ የነበረበትን መረጡ። የጣሪያው ውሃ እላያቸው ላይ ይንጠባጠባል። ይገባቸዋል። ወንድም ነውና እህታቸው ይህን ስትጽፍ አልቅሳለች።

ልጃቸው ሙሪየል፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና እህታቸው ኢዲት በሕይወት አሉ። ከዛሬ ጀምሮ በኦልደርቢ ዳቦ ያረረበት ሁሉ «የስኬልቢ ሥራ» ይበል፤ ቶቢያስ ክሪድን ግን ተዉአቸው፣ ይረፉ።

ሜግ ፊት የላትም፤ ይቅር ትበል አትበል ማየት አንችልም። እግዚአብሔር ግን ፊቱን ከአምብሮዝ አይሰውር። አሜን።