ለጥ ያለው ውሃ

ካሽ፣ ነሐሴ 3 ቀን

ለማልጠግብህ ልጄ ለሴርሃት፣

ከሁሉ አስቀድሞ ኢፔክ ደህና ናት። ይህን ስጽፍልህ በረንዳው ላይ ከአጠገቤ ተቀምጣ ኮክ እየበላች ነው፤ ጭማቂው እስከ ክርኗ ወርዷል። አሁን ቁጭ በልና የቀረውን አንብብ። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ድምፄ አልታዘዝ አለኝ። ደግሞ አውቅሃለሁ፣ ግማሹን ሰምተህ ትዘጋብኛለህ።

ልጅህን ስትልክልን የሮተርዳሙ ሐኪም ያለውን ነግረኸኛል። መኪና የሰበረው እግሯ የሚጠነክረው ውሃ ውስጥ ስትራመድ ነው፤ የምትረግጠው ግን አሸዋ ይሁን፣ ድንጋይ ከሆነ ቁርጭምጭሚቷ ይታጠፋል ብለሃል። አባትህን በስሙ ሳትጠራው «እሱ በጀልባ እንዳይወስዳት» ማለትህንም አልረሳሁም። የአባትህን ጀልባ ጥለህ ከሄድክ ወዲህ ሁለታችሁ አንድ ቃል አልተለዋወጣችሁም። እንዲያም ሆኖ ልጅህን አምነህ ሰጠኸን። እኔ ያንን እንደ ትልቅ ነገር ነው የያዝኩት።

እኛ ዘንድ አሸዋ እንደሌለ አታጣውም። እዚህ ሰው ከቋጥኝ ላይ ዘሎ ነው ባሕር የሚገባው። መጀመሪያ ከወደቡ ጀርባ ወዳለችው ትንሽ ዳርቻ ወሰድኳት፤ የጎማ ጫማ አድርጋ እንኳ ብዙ ሳትራመድ ድንጋዩ አንከባለላት። አላለቀሰችም። እየዳኸች ወጣችና ምርኩዟን አንስታ ድንጋዮቹን ትደበድባቸው ጀመር። አባትህ ይህን ሲሰማ ጀልባውን አስነሣ። አዎ፣ ወሰዳት፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ስንዞር ሳምንቱ አለቀ። መልህቁ አሸዋ ይዞ በወጣ ቁጥር «አየሽ?» ይለኛል፤ ዳር ስንደርስ ግን ያው እንደ እንቁላል የሚንከባለል ድንጋይ ነው። በኋላማ ከሩቅ የነጣውን ሁሉ አሸዋ ነው ብሎ ይምል ጀመር። ሳቅኩበት።

በመጨረሻ ኩራቱን ዋጥ አደረገና በሚኒባስ ወደ ረጅሙ አሸዋ ሄድን፣ ኤሊዎቹ እንቁላል ወደሚጥሉበት። እሱ ጀልባ የማያስጠጋ ባሕር ምን ባሕር ነው እያለ ዕድሜ ልኩን የናቀው ቦታ ነው። ኢፔክ አሸዋውን እንደረገጠች ጫማዋን ወርውራ ሳቀች። ቀኑ ነፋሻ ነበር። ሞገዱ በዳርቻው ሁሉ እየነጣ ይሰበራል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የመንገድ ያህል ስፋት ያለው ውሃ ጠቆር ብሎ ለጥ ብሏል። አባትህ ያንን ሲያይ ፊቱ ፈካ። መቼም አረፋ ካለ ከሥሩ ድንጋይ አለ፣ መግቢያው ለጥ ያለው ነው ብሎ ነው አንተንም ያሳደገህ።

«በሩ ያውና» አለ።

«እዚህ እኮ ድንጋይ የለም፣ ፌቭዚ።»

«ባሕሩን ለኔ ተዪው። አንቺ ዣንጥላውን ትከዪ።»

ዣንጥላውን ተከልኩ። ቀና ስል እጅ ለእጅ ተያይዘው ውሃው የኢፔክ ወገብ ደርሷል። ምንጣፉን ዘርግቼ እንደገና ሳይ ራሳቸው ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ደግሞም ርቀዋል። አባትህ ልጅቷን በአንድ ክንዱ አቅፎ ወደኔ ይዋኛል። ዋናውን ታውቀዋለህ። ግን በቀዘፈ ቁጥር ወደ ኋላ ይሄዳል። ውሃው ድምፅ የለው፣ ሞገድ የለው፣ ዝም ብሎ ይዟቸው ይሄዳል።

ልጄ፣ እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር ያረጀሁ ሴት መዋኘት አላውቅም። ያን ቀን እስከ ደረቴ ገባሁ። አሸዋው ከእግሬ ሥር ሲሸሽ ሲሰማኝ ቆምኩ። ሦስታችንም ብንሄድ ለሴርሃት ማን ይነግረዋል ብዬ ነው የቆምኩት።

ያኔ ከራሷ ወልቆ የሚንሳፈፈውን የኢፔክን የገለባ ባርኔጣ አየሁት። ነፋሱ ወደ ጎን ገፍቶ ሞገዱ ውስጥ ጨመረው፤ ሞገዱ ደግሞ እያንከባለለ ወደ ዳር መለሰው። ሻሼን ከራሴ ላይ ገፍፌ፣ ባዶ ራሴን በሰው ሁሉ ፊት፣ ወደ አረፋው እያመለከትኩ አውለበለብኩ። «ወደ ጎን! ወደ አረፋው!» አባትህ ስለ ባሕር የኔን ምክር ሰምቶ አያውቅም። መቅዘፉን አቁሞ አየኝ። ያቺን አፍታ እስክሞት አልረሳትም። ከዚያ ዞሮ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሸው ወደኖረው አረፋ ዋኘ።

ሞገዱ አነሣቸው፣ ሸፈናቸው፣ እንደገና አነሣቸውና ዳር ላይ ጣላቸው። ሮጬ ስደርስ አባትህ በእጁና በጉልበቱ ተደግፎ የጨው ውሃ ያስመልሳል። ሊቆም ሲሞክር ተመልሶ ወደቀ። ኢፔክ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጋ «ቀስ በል አያቴ፣ አሸዋ ነው፣ አይጎዳህም» እያለች ደግፋ አወጣችው። ምርኩዟ እኔ ዘንድ ነበር። ዣንጥላ የሚያከራየው ሰውዬ እየሮጠ መጥቶ፣ ያ ለጥ ያለው ቦታ ሞገድ ያመጣው ውሃ ተሰብስቦ ወደ ባሕር የሚመለስበት መንገድ ነው አለን። አባትህ አልተከራከረውም። ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ኢፔክ በማግስቱ እዚያው ውሰዱኝ አለች። ነፋስ በሌለበት ጠዋት እኔ እወስዳታለሁ፤ እስከ ጉልበቷ ብቻ ትገባለች፣ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ከጎኗ ነኝ። እስክንወጣ ድረስ ነፍሴ አይመለስልኝም። እግሯ ግን መሙላት ጀምሯል፤ የደረጃውን መደገፊያ ሳትይዝ ትወርዳለች። አሁኑኑ ትምጣ ካልክ ዕቃዋን እሰበስባለሁ፣ አልሞግትህም፣ አባቷ ነህ። ትቆይ ካልክ ደግሞ ትምህርት እስኪከፈት ከእኛ ጋር ትሁን።

አባትህ ወደ ጀልባው መውረድ ትቷል። ለጠየቀኝ ሁሉ ወገቡን አሞታል እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ስልኩ አጠገብ ይቀመጣል። ሲጮህ «አንቺ አንሺው» ይለኛል፤ ከክፍሉ ግን ንቅንቅ አይልም። ትናንት «ሰማ እንዴ?» አለኝ። ገና ነው አልኩት። «ሲሰማ አንቺን አይጠይቅሽ። እኔን ይጠይቀኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እንግዲህ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ደውል፣ ስልኩንም ለእሱ ስጪው በለኝ። መስደብ ካማረህ ስደበው፣ ጩህበት፣ ቻል አድርጎ ይሰማሃል። ብቻ ድምፅህን ይስማ።

አላህ አንተንም ቤትህንም ከክፉ ይሰውርልኝ፤ የኢፔክን እናት ሳምልኝ።

እናትህ ናዝሚዬ